ሳታየው የላከችው ሩጫ

ሳምራ የምትሠራው ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ ጂም ውስጥ፣ ከመግቢያው አጠገብ በተቀመጠች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ማለዳ የሮጡ የጂሙ ሩጫ ክለብ አባላት መንገዳቸውን የሚመዘግበውን የእጅ ሰዓት ፈትተው ይተዉላታል። እሷ ሰዓቱን በገመድ ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኝታ ሩጫቸውን ካርታ ላይ ታያለች፤ የተሳሳተውን ታርማለች፤ ቤታቸውን የሚያሳየውን መነሻና መድረሻ ትቆርጣለች። ከዚያ በኋላ ብቻ ክለቡ ኢንተርኔት ላይ ወደከፈተው ገጽ ትልከዋለች።

ልማዱ የመጣው በአንዲት አባል ላይ ከደረሰው ነገር በኋላ ነው። ገጹን ያየ የማታውቀው ሰው ሩጫዋ የሚጀምርበትን በር አግኝቶ፣ እዚያው ቆሞ ጠበቃት። ከዚያ ወዲህ አሰልጣኙ ጋሽ አስመላሽ «ያላየሽውን እንዳትልኪ» ብለው ሥራውን ለሳምራ ሰጧት። አምነዋት ነው።

የሙሐሲንን ሩጫ ማየት ግን እየከበዳት መጣ።

ሙሐሲን ቡልጋሪያ ሰፈር፣ በአጎቱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ፣ ከሰላምታ ያለፈ ብዙ የማይናገር ወጣት ነው። የሚኖረውም እዚያው ነው። ካርታው ላይ ያለው ቀይ መስመር ግን ማለዳ ማለዳ ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ላንቻ ይታጠፋል። አንዲት ጠባብ ቅያስ ይገባና አንድ በር ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል። በሩ ሳምራ የምትኖርበት የአባቷ ቤት በር ነው።

መጀመሪያ ያየችው ቀን ልቧ በደስታ ዘለለ። ቀጥሎ አፈረች። ሊነግራት ያልደፈረውን ነገር በሥራዋ ሰበብ ሰርቃ ያየችበት መሰላት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሙሐሲን እያነከሰ ገባ።

«እግርህን ምን ሆንክ?»

«ለገሃር ጋ ወለም አለኝ። በቃ፣ ቀላል ነው።» ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሳምራ፣ የዛሬውን በደንብ እዪልኝ እሺ? የተበላሸ ነገር ሳይኖረው አይቀርም።»

«እሺ» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየው።

ሲወጣ ከፈተችው። ቀዩ መስመር እንደ ልማዱ ወደ ቅያሷ ሲታጠፍ ገና እያየች ሳለ፣ አንደበቷ የማያርፈው የክለቡ አባል ሲምረት ከጀርባዋ መጣች።

«አንቺ! ምን አይተሽ ነው እንዲህ የቀላሽው?»

«ምንም።» ሳምራ ካርታውን ልትዘጋ ተጣደፈች። እጇ በድንጋጤ «ላክ» የሚለውን ተጫነ።

በማግስቱ ልታስተካክለው አስባ ነበር። ግን ካርታውን እንደገና መክፈት ፈራች፤ ተወችው።

ሰኞ ጠዋት የሙሐሲን ሩጫ በፍጥነት አንደኛ ሆኖ ከገጹ አናት ላይ ነበር። ከሌሎች ጂሞች ጋር ለሚደረገው የዱላ ቅብብል ውድድር ቡድኑ የሚመረጠው ከዚያ ነው። ቅያሷን ማንም ልብ አላላትም፤ ሁሉም ያየው ፍጥነቱን ነው።

«ከለገሃር ቡልጋሪያ እንደ ሚኒባስ ነው የበረርከው እኮ!» አለች ሲምረት። «ረዳት ነበረህ እንዴ? በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጣራልህ?»

ሁሉም ሳቀ። ጋሽ አስመላሽ ግን አልሳቁም።

«ሙሐሲን፣ ይሄ ሩጫ ነው?»

«አይደለም ጋሼ። እግሬን ሲያመኝ ሰዓቱን ሳላጠፋ ታክሲ ገብቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

ሙሐሲን ወደ ሳምራ አየ። ወቀሳ የሌለበት፣ አጭር እይታ ነበር። ወዲያው ዓይኑን ሰበረ።

«ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እኔ የሚዋሽ ሰው ቡድኔ ውስጥ አላስገባም» አሉ ጋሽ አስመላሽ።

ሙሐሲን ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ሳምራ ከጠረጴዛዋ አልተነሳችም። ብትናገር «ለምን አላየሽውም?» ትባላለች። ያላት መልስ የሚነገር አልመሰላትም።

ጂሙ ውስጥ ስሙ «ባለሚኒባሱ» ሆኖ ቀረ። ሲሳቅበት እሷም ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራ ትሰማለች። ጎህ ሲቀድ እየተነሳች የአባቷ በር ላይ መቆም ጀመረች። በቅያሷ ማንም አላለፈም። እናቷ «አመመሽ እንዴ ልጄ?» ሲሏት ፊቷን ታዞራለች።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት፣ ሁሉም ተሰብስቦ ሳለ ከጠረጴዛዋ ተነሳች።

«ጋሼ፣ ሙሐሲን ‹እዪልኝ› ብሎኝ ነበር። ሳላይ የላክሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ? ለምን?»

«መንገዱ...» ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «መንገዱ በቤቴ በር ስለሚያልፍ። ማየት አፈርኩ።»

ሲምረት አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ አስመላሽ የሰዓቱን ገመድ ከኮምፒውተሯ ነቀሉ።

«ይህን ያን ዕለት ነበር መናገር። ለልጁ እኔ እደውልለታለሁ። ሥራውን ግን ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ይይዘዋል።»

«ይገባኛል ጋሼ።»

ከሰዓት በኋላ ቡልጋሪያ ወረደች። ሙሐሲን ብቻውን የፍሬን ሸራ ካርቶኖች ይደረድራል። ሱቁ በር ላይ ቆመች።

«ነገርኳቸው።»

«ሰምቻለሁ። ሲምረትም ባሾፈችብኝ ተጸጽታ ደውላ አለቀሰችብኝ።»

«አንተ ለምን ዝም አልክ?»

«እንጀራሽ ነዋ።»

ቢሰድባት ይቀላት ነበር።

«መንገዱን...» አለ ካርቶኑን እያገላበጠ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያየሽው?»

«ከረመዳን በፊት ጀምሮ።»

«ያ አላህ! በየጠዋቱ?»

«በየጠዋቱ። ሰሞኑን ደግሞ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁህ፣ አልመጣህም። ሙሐሲን፣ አውፍ በለኝ።»

ካርቶኑን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። ጎን ካለው ጋራዥ አንድ ሞተር ጮኸና ጠፋ።

«ወላሂ ተቆጥቻለሁ» አለ። «ውሸታም ነው የተባልኩት። አንቺም እዚያው ቆመሽ ነበር።»

«ቆሜ ነበር።» ሌላ ቃል አልጨመረችም።

«ትንሽ ልቆጣ» አለ በመጨረሻ። «ሲወጣልኝ አባትሽ ጋ ሽማግሌ እልካለሁ።»

ሳምራ የበሩን መቃን ያዘች። ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡባት።

«ቶሎ ባይወጣልህስ?»

«እንግዲህ ትጠብቂያለሻ።»

«እጠብቃለሁ» አለች። መጠበቁ እንደሚገባት ታውቅ ነበር።

አጎቱ ከመስጊድ ሲመለሱ በር ላይ አገኟት። «ምን ፈልገሽ ነው ልጄ?»

ሙሐሲን ቀደማት። «የኔ እንግዳ ናት» አለና ከባንኮኒው ሥር በርጩማ ስቦ አወጣ። አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ አጠገቧ አስቀመጠላት፤ አሁንም ፊቷን ሳያይ።

ተቀመጠች።