ቁልቁል አራት ቀን፣ ሽቅብ ስድስት

ማናውስ ከተማ፣ የወንዙ ወደብ ላይ የጀልባ ቲኬት ስሸጥ ስንቱን አይቻለሁ፤ ርቀት በኪሎ ሜትር የጠየቀኝ ግን ኦታሲሊዮ ብቻ ነው።

«እስከ ቤሌም ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

«እኔ እንጃ። አራት ቀን ነው።»

«መመለሻውስ?»

«ስድስት።»

«መንገዱ ያው አይደል እንዴ?»

«መንገዱማ ያው ነው። ቁልቁል ወንዙ ይወስድሃል፣ ሽቅብ ይገፋሃል። ለመሆኑ የት ነው ያደግከው?»

ያደገው እዚያው ታች ቤሌም ከተማ ነው፤ የሒሳብ አስተማሪ ነው። አክስቱን ሊጠይቅ በአውሮፕላን ስለመጣ ወንዙን አያውቀውም። በማግስቱ መጥቶ ቲኬቱን ለሌላ ቀን አስቀየረኝ። ከዚያ ደግሞ አስቀየረኝ። በሦስተኛው ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ በኋላ ምኑን ልደብቅ፣ ወደድኩት።

እናቴ ዶና ዙልሚራ ግን ስሙን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ።

«አባትሽም ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ ነው የወረደው፤ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። መውረድ ማንም ይወርዳል። ስድስት ቀን ተገፍቶ የሚመለስ ወንድ አላየሁም።»

ኦታሲሊዮ ይህን ስነግረው በጣቶቹ እየቆጠረ አሰላ። «አራት ቀን ልውረድ፤ ወደዚህ የምዛወርበትን ወረቀት በሁለት ቀን ልጨርስ፤ ስድስት ቀን ልምጣ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንቺን እንዲሰጡኝ እናትሽን ራሴ እጠይቃለሁ።»

አሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ፤ እሱ አልመጣም። በአሥራ ሦስተኛውም ከቤሌም የገባው ጀልባ ተራግፎ እስኪያልቅ ቆሜ አየሁ፤ የለም።

በአሥራ አራተኛው ቀን ጀልባ ላይ ሰቅዬ የምተኛበትን መኝታ መረቤን ጠቅልዬ ወደ ቤሌም በሚወርደው ጀልባ ተሳፈርኩ።

በማግስቱ ከጀልባው ጫፍ ቆሜ ሳይ ነው ስህተቴ የገባኝ። የሚወርድ ጀልባ መሀል መሀሉን ይሄዳል፤ የሚወጣው ግን ኃይለኛውን ውኃ ሽሽት ዳር ዳሩን ነው። ከመሀል ሆኖ ለሚያይ፣ ዳር ያለው ጀልባ ላይ የተሳፈረው ሰው ቀርቶ የጀልባው ቀለም እንኳ አይለይም። ስንት ዓመት ቲኬት ሸጬ ይህን አላጣሁትም፤ እልህ ይዞኝ ረሳሁት እንጂ። እሱ ሽቅብ እየመጣ ከሆነና ከተላለፍንስ ብዬ የቀሩትን ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

ቤሌም ደርሼ እሱ በሰጠኝ አድራሻ የቤቱን በር ሳንኳኳ እናቱ ከፈቱልኝ።

«ጃንዲራ ነሽ? ውይ ልጄ! እሱ እኮ አንቺ ዘንድ ሄዷል! ወረቀቱ አራት ቀን ፈጀበት።»

ያኔ ሞባይል የለም። ጎረቤታቸው ቤት ገብቼ ማናውስ ከቤታችን አጠገብ ያለው መድኃኒት ቤት ደወልኩ፤ እናቴን ጠሩልኝ።

«መጥቷል?»

«ከትናንት ወዲያ ገባ። ወንዙ ሞልቶ ስምንት ቀን አንገላቶታል፤ ከስቷል።»

«በይ እንዳይንቀሳቀስ! በነገው ጀልባ እመጣለሁ።»

«አንቺ ነሽ የማትንቀሳቀሺው! ያን ሁሉ ቀን ሽቅብ ምን ያንከራትትሻል? እኛ እንወርዳለን።»

«እናንተ? እነማን?»

አባቴ ከሄደ ወዲህ እናቴ የጀልባ ደረጃ እንኳን ረግጣ አታውቅም።

«እኔና ልጄ ነና» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

እኔ በሰው ቤት፣ የሰው ስልክ ታቅፌ አለቀስኩ።