ደብረ ጸዳልን የበላው ዘንዶ

ይህ ታሪክ እውነት ነው፤ በበግ በረቴ እምላለሁ! በሐመልማር መንግሥት ንጉሡ እንኳ የእኔን የመሰለ በረት የለውም። አያቴ የገነባው ነው፤ ድንጋዩ ሁሉ የተጠረበ፣ አንዳንዱም ሐረግ የተቀረጸበት። እንዲህ ባለ በረት የማለ ሰው አይዋሽም። ስለዚህ ቅስቱን ልትጠግኑ የመጣችሁ ሁሉ፣ ጭቃው እስኪቦካ ድረስ አረፍ በሉና ስሙኝ።

ይህ የተቀመጥንበት ፍርስራሽ፣ ደብረ ጸዳል፣ ጥንት ጉልላቱ ደመና ይቀድ ነበር። ከጫፉ የተነሣች ወፍ መሬት ሳትደርስ ታረጅ ነበር። ኋላ ገርጋሞ የሚባል ድንጋይ በል ዘንዶ መጣ። ጉም በወረደ ቁጥር ግድግዳውን እንደ ቆሎ ይቆረጥመው ጀመር። አንድ ቅስት ብቻ ሲቀር፣ ሁሉን የሚይዘውን የአናቱን ድንጋይ ነቅሎ ሄደ። በዚያ ቀን የደብሩ የድንጋይ ደወል ማንም ሳይመታው ጮኸ።

አገልጋዩ አባ ጽጌ ደወሉን ሰምተው ተነበዩ፤ «ክረምት ሳይገባ ድንጋዩ ካልተመለሰ ቅስቱ ይወድቃል። ከሥሩ ያረፉት ሙታናችንም ያለ ጣሪያ ይቀራሉ።»

ከሙታኑ አንዷ የትሁኔ እናት ነበረች። ትሁኔ ያኔ ገና ኮረዳ ናት። በቅስቱ ሥር ቆማ፣ «ድንጋዩን ሳልመልስ የእናቴን መቃብር ዝናብ ቢነካው፣ እኔንም መሬት አይቀበለኝ!» ብላ ማለች።

ታናሽ ወንድሟ ሙጬ ተከተላት።

«አንተ ቤት ጠብቅ።»

«እታለም፣ ቤቱ የት ይሄዳል? ይልቅ ትከሻ ያስፈልግሻል።»

ተራራ ወጡ፤ ወረዱ፤ ከወዲያው ሌላ ተራራ ቆሞ ጠበቃቸው። መጀመሪያ ጫማቸው አለቀ፣ ቀጥሎ ተረከዛቸው። መንገዱ ራሱ ደክሞት መካከል ላይ ተኛ።

«እታለም፣ ይሄን ተራራ ትናንት አልወጣነውም?»

«ዝም ብለህ ውጣ።»

በመጨረሻ ከገርጋሞ ዋሻ ደረሱ። «ገርጋሞ ሆይ! የሙታናችንን ጣሪያ መልስ!» ብላ ትሁኔ ጮኸች። ዘንዶው አንድ ዓይኑን ብቻ ገለጠ። እሱም ታክቶት ነበር፤ ዕድሜ ልክ ድንጋይ መፍጨት ቀላል ነውን? «ከጥርሴ መካከል ተሰንቅሯል። ከቻልሽ ገብተሽ አውጪው» ብሎ አዛጋ። ሙጬ ፈጥኖ የላይኛውን መንጋጋ በትከሻው ደገፈ። እሷም ገብታ ድንጋዩን ነቅላ ወጣች።

«ና ውጣ እንጂ!»

«እኔ ከወጣሁ አፉ ይዘጋና ይከተልሻል። ሂጂ፣ እታለም። እዚህ ቢያንስ ዳገት የለም።»

ሄደች። ከኋላዋ መንጋጋው ሲገጠም ሰባት አውራጃ ተንቀጠቀጠ። እሷ ግን ድንጋዩን አምጥታ ከቅስቱ አናት አስገባችው፤ ዝናቡም ያንኑ ቀን ጀመረ። በመቃብሮቹ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም!

«ይኸው ቅስቱ! ይኸው ድንጋዩ!» ብዬ እጄን ወደ ላይ ስዘረጋ፣ ቅስቱን ተደግፈው የተቀመጡ አሮጊት ቀና አሉ። እማማ ትሁኔ ናቸው። ይህን ታሪክ በየዓመቱ እዚሁ ተቀምጠው ይሰሙኛል፤ አንድም ቀን ቃል ተንፍሰው አያውቁም።

«ልጄ፣ ዘንዶ አልነበረም» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ድንጋዩን ማን ወሰደው፣ እማማ?»

«አባቴ። ቤት ሲሠራ ከበራችን አናት ላይ አስገባው። ጎረቤቱም ሁሉ እንደዚያው ነበር፤ አንዱ ለምድጃ ወሰደ፣ አንዱ ለአጥር። የበላነው እኛው ነን። ድንጋዩን ሳወጣ ሙጬ የበሩን አናት በትከሻው ይዞልኝ ነበር። እኔ ወጣሁ። ቤቱ በእሱ ላይ ወረደ።»

ቅስቱን ሊጠግኑ የመጡት ሁሉ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ተራራስ፣ እማማ?» አልሁ።

«ተራራ የለም። ቤታችን ከነበረበት ከዚያ ማሳ እዚህ ድረስ ነው። ግን ብቻዬን ስለተሸከምሁት ሩቅ ነበር።» ወደ ቅስቱ አናት ቀና ብለው አዩ። «ነገ ከበረትህ ያን ሐረግ ያለበትን ድንጋይ አምጣው፣ ልጄ። እኔ መሸከም ደክሞኛል።»