ለጋሼ በድሩ የሠራሁት ገጽ

ውሸት ነው ብትሉኝ አልቀየማችሁም። ውሸት ቢሆን ከሁላችሁም በላይ ደስ የሚለው እኔን ነው። ግን የሆነው ዛሬ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እዚሁ ሸዋ ሮቢት...

አሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። የምጽፍላችሁም ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነው።

የሚያስፈራ ነገር የሚመጣው በሌሊት ነው የምትሉ ካላችሁ የእኛን አገር ቀትር አታውቁትም። ባጃጆቹ ጥላ ፈልገው ይቆማሉ፤ ውሻ እንኳን አይጮህም።

ስሜ ሪሀና ነው። ኮሌጅ ኮምፒውተር እማራለሁ።

አስተማሪያችን ብሩክ በኤችቲኤምኤል ድረ ገጽ መሥራት እያስተማረን ነው። ርዕሱ ይሄ ነው፣ ፎቶው እዚህ ይግባ እያላችሁ በምልክት ትጽፉለታላችሁ፤ ኮምፒውተሩ ገጽ አድርጎ ያወጣዋል። የቤት ሥራችን ስለምናውቀው ሰው ገጽ ሠርተን ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ ነበር።

«ተፈልጎ የማይገኝ ገጽ ማርክ የለውም» አለን ብሩክ። «ሰው የሚፈልገውን ቃል ርዕሱ ላይ አስገቡ።»

እኔ ጋሼ በድሩን መረጥኩ። ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽንኩርት ሲያለሙ ኖረው አሁን ብቻቸውን ነው ያሉት። አንድ ልጃቸው ኑርሃን ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች።

ፎቶ ላነሳቸው ስሄድ ኮፍያቸውን አጥልቀው ግቢያቸው ውስጥ ያለው ማንጎ ሥር ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ሪሁ፣ ኑርሃን ታየዋለች?»

«ታየዋለች ጋሼ።»

«እንግዲያው አሳምረሽ አንሺኝ።»

ስለ ሽንኩርታቸው፣ ስለ ደግነታቸው ጻፍኩ። የኢንተርኔት መፈለጊያው ላይ ስሞክረው... የለም። ሽንኩርት አልሚ ማን ይፈልጋል?

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዓረብ አገር ያሉት ልጆቻችን ስለ አገር ቤት መጀመሪያ የሚጠይቁት ማን ሞተ ብለው ነው። ርዕሱን «የአቶ በድሩ ይመር መርዶ» ብዬ ቀየርኩት። ከፎቶው ሥርም ወደ አኼራ ሄደዋል ብዬ ጨመርኩ። ማርኬን እንዳገኘሁ አጠፋዋለሁ ብዬ ነው።

ትናንት ስፈልገው ከሁሉም በላይ ወጣ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ... አላህ ይቅር ይበለኝ።

መርዶ እኛ ጋ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በማለዳ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው፣ የሚይዝ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ተደርጎ። ማንም ብቻውን እንዲሰማ አይደረግም።

ዛሬ ጠዋት ኑርሃን ደወለችልኝ።

«ሪሀና... አባቴ መቼ ነው?»

ከኋላዋ የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ይሰማል። የሰው ዕቃ እያጠበች ነው ስልኳ ላይ ያነበበችው። ብቻዋን።

«ኑርሃን፣ ውሸት ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ለትምህርት...»

«አታባብዪኝ» አለችና ዘጋችው።

መልሼ ብደውል አታነሳም። ገጹን ወዲያው አጠፋሁት። መፈለጊያው ላይ ግን አሁንም አለ። ለብሩክ ደወልኩ።

«ያጠፋሽው የራስሽን ነው» አለኝ። «መፈለጊያው የራሱን ቅጂ ይይዛል። ተመልሶ መጥቶ ገጹ እንደሌለ እስኪያይ ይቆያል።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«እሱ ባሰኘው ጊዜ።»

ቅጂውን ከፍቼ ከጀርባው ያለውን ኮድ አየሁ። እዚያ ውስጥ ገጹ ላይ የማይወጣ ማስታወሻ መጻፍ ይቻላል። ከጽሑፌ ሥር አንድ አለ...

«ቀብር ከዙህር በኋላ።»

እኔ አልጻፍኩትም።

ሮጬ ሄድኩ። ጋሼ በድሩ ማንጎው ሥር ተቀምጠዋል። በሕይወት አሉ። ከደስታ ብዛት እንባዬ መጣ።

«እሰይ፣ አንቺስ አየሽኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ከጠዋት ጀምሮ ሰላምታዬን የሚመልስ ጠፋ። አሰላሙ አለይኩም እላለሁ... ዝም ብለው ያልፉኛል። ማንን አስቀይሜ ይሆን?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እኔ ነኝ፣ ለማርክ ብዬ ነው፣ ማለት ነበረብኝ።

እናቴ ወደ ግቢው ገባች። ዓይኗ አብጧል። ሻርፗን አውልቃ እሳቸው የተቀመጡበት ወንበር ላይ ጣል አደረገችው። ጉልበታቸው ላይ አረፈ። ጋሼ በድሩ አጣጥፈው ያዙላት።

«እማ...» አልኩ በሹክሹክታ። «ጋሼ በድሩ እኮ እዚህ ናቸው።»

ወንበሩን አየች። እኔን አየች።

«አይዞሽ ልጄ። እኔም እስካሁን ያሉ ነው የሚመስለኝ።»

ወደ ቤታቸው ገብታ ምንጣፍ ማውጣት ጀመረች። ከበሩ ላይ ድንኳን የሚተክሉ ሰዎች ድምፅ ይሰማል። ወዲያው የዙህር፣ የቀትሩ ሰላት፣ አዛን ተሰማ። ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጋሼ በድሩ ተነሡና ግድግዳው ጥግ የቆመውን አካፋ አነሡ።

«ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቷል መሰለኝ። ሰላም ባይሉኝም ቀብር ሐቅ ነው፣ አልቀርም።»

«ጋሼ፣ አይሂዱ...»

አካፋውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወጡ።

እኛ ሴቶች ቀብር አንወጣም። ድንኳን ውስጥ ቀረሁ። ጀናዛውን በቃሬዛ ተሸክመው ሲያልፉ በሸራው ክፍተት አየሁ። ቃሬዛው ባዶ ነው እያልኩ ለራሴ ስነግረው ነበር። ግን ክብደት አለው፤ የተሸካሚዎቹ ትከሻ ጎብጧል፣ እየተቀያየሩ ነው የሚይዙት።

ከሁሉም ኋላ ጋሼ በድሩ አካፋቸውን ይዘው ይከተላሉ።

ስምንት ሰዓት ላይ ወንዶቹ ተመለሱ። እግራቸውን እየታጠቡ ገብተው ተቀመጡ። ጋሼ በድሩ መጨረሻ ገቡ። እስከ ጉልበታቸው አፈር ነው። ቦታ የለቀቀላቸው የለም። ዞር ዞር ብለው አዩና መጋረጃውን ገልጠው ወደ ሴቶቹ መጡ። ከሴቶቹ አንዷም ቀና አላለችም።

አጠገቤ ተቀመጡ። እጄን ያዙ። እጃቸው ይቀዘቅዛል፣ በዚህ ሙቀት...

«ሪሁ» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። «ጉድጓድ ገብቼ ጀናዛውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሲቀባበሉት ማንም ስሙን አላነሣም። ለመሆኑ... ማንን ነው የቀበርነው?»

ድንኳኑ ሰው ሞልቷል። መርዶውን ስነግራቸው እሳቸውን የሚይዝልኝ ግን አንድ ሰው የለም።

አሁንም እጄን አልለቀቁኝም። ፊት ፊቴን እያዩ መልሴን ይጠብቃሉ።