የተሸፈነው ቴሌስኮፕ

ዶክተር ሠረቀብርሃን በደቡብ አፍሪካ ካሩ በረሃ ባሠራው የከዋክብት መመልከቻ ውስጥ፣ ከመሰላሉ ሥር ሞቶ ተገኘ። በሩ ተቆልፎ፣ ቁልፉ በኪሱ ነበር። በጆሃንስበርግ የዮቪል ሰፈር ሐበሻ ሁሉ «ራሱን ወረወረ» አለ።

ሚስቱ ማራናታ ከከተማው ወጣ ወዳለችው ዳቬይተን፣ ኤርጎጌ ዘንድ ሄደች። ኤርጎጌ ድሮ ሆሳዕና የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ አሁን ስፓዛ በሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ትሠራለች።

«እትዬ፣ ልጆቼ አባታችሁ ትቷችሁ ሞተ እየተባሉ እንዲያድጉ አልፈልግም።»

የኤርጎጌ እግር አብጦ ነበር። ቢሆንም ሱቁን ዘግታ ተነሳች።

በረሃው ላይ የመመልከቻው ጠባቂ ዱካሞ በዙሉ ሰላምታ ተቀበላት።

«ሳውቦና፣ እትዬ። ከበግ በቀር የሚያናግረኝ ካጣሁ ሰነበትኩ።»

«በጎቹ ምን አሉ?»

«ጠባቂው ዶክተሩን ገደላቸው አይሉም መቼም። ሰው ግን እንደዚያ እያለ ነው።»

«እንዴት ተገኘ?»

«ጠዋት ብጠራቸው ዝም አሉ። ፖሊሶች መጥተው በሩን ሰበሩ፤ ሬሳውን ብቻ አንስተው ሄዱ። ሌላው ቁልፍ ጓደኛቸው ጌዴዎን ጋ ነው።»

ኤርጎጌ ወደ መመልከቻው ገባች። ዶክተሩ የሞተበት ማታ ነፋስ ተነስቶ ስለነበር፣ በተከፈተው ጣሪያ የገባው አሸዋ ሁሉን አልብሶታል። ቴሌስኮፑ ግን በሸራ ተሸፍኖ ዙሪያውን በገመድ ታስሯል። ኤርጎጌ ገመዱን ፈታች። ከሸራው ሥር የዶክተሩ መነጽር ቴሌስኮፑ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

«ሲመለከቱ ያወልቁታል» አለ ዱካሞ። «ያለሱ እኔን ከበግ አይለዩኝም።»

ጆሃንስበርግ ትሮይቪል ሰፈር፣ በሟቹ ለቅሶ ቤት ውስጥ ማራናታ፣ ዱካሞና ጌዴዎን ከኤርጎጌ ጋር ተቀመጡ። ጌዴዎን የሟቹ ጓደኛ ነው፤ የከዋክብቱን ብርሃን የሚሰበስበውን የቴሌስኮፑን መስተዋት የሠራው እሱ ነው። ያን ማታ ከጆሃንስበርግ አልወጣሁም ብሏል።

«በሩ ስለተቆለፈ ብቻውን ነበር አልን» አለች ኤርጎጌ በደከመ ድምፅ። «ራሱ ሸፍኖት ቢሆን ግን መጀመሪያ መነጽሩን ያነሳ ነበር፤ ያለሱ መሰላሉን እንኳ አያይም። ስለዚህ እሱ ከወደቀ በኋላ ሌላ ሰው ነው የሸፈነው።»

«ዱካሞ ነዋ» አለ ጌዴዎን።

«ዱካሞ በምን ቆልፎ ይወጣል? አንዱ ቁልፍ ሟቹ ኪስ ውስጥ ነው። ሌላው ያንተ ነው። ደግሞስ ሰው ወድቆ ለመስተዋት የሚጨነቅ ማን ነው?»

ጌዴዎን አቀርቅሮ ተናገረ።

«ቴሌስኮፑን ሊሸጠው ነበር። ልጆቼ እያደጉ ነው፣ በረሃው ይብቃኝ አለ። ያን መስተዋት ለዓመታት በእጄ ፈግፍጌዋለሁ። ከመሰላሉ ላይ ገፋሁት።»

«ወዲያው ሞተ?» አለች ማራናታ።

«ይተነፍስ ነበር። አሸዋ ሲገባ መስተዋቱን ቀድሜ ሸፈንኩ። ስመለስ አይተነፍስም።»

ማራናታ ተነስታ ልጆቿ ወዳሉበት ክፍል ገባች።

«አባታችሁ እኛ ጋ ሊመጣ ነበር» ስትላቸው ተሰማ።