የዶሮዋ ክርን

ልጆች፣ እጃችሁን እስኪ ዘርጉ! አሁን እጠፉ! ጎበዞች። እንግዲህ የትርሲትን ጉድ ስሙ።

ትርሲት አምስት ዓመቷ ነው። ለበዓል ዶሮ ወጥ ሲሠራ ብልቶቹን የምትቆጥረው እሷ ናት። አሥራ ሁለት መሙላት አለባቸው፤ አንድ ከጎደለ እናቷ እንግዳ ፊት ታፍራለች።

እናቷ ብልት ታወጣለች፤ ትርሲት ትቆጥራለች። «አንድ! ሁለት! ሦስት! አራት!»

አምስተኛው ክንፍ ነበር። ትርሲት ሳብ ስታደርገው ዝርግ አለ። ስትለቀው እጥፍ አለ።

ዝርግ! እጥፍ! ዝርግ! እጥፍ!

ትርሲት የራሷን እጅ አየች። ዘረጋችው፤ አጠፈችው። ዝርግ! እጥፍ!

«እንዴ! ዶሮዋ ክርን አላት! ግራ ገባኝ!» አለች። ቁጥሩም ጠፋባት።

«እማዬ፣ እኔና ዶሮ አንድ ነን እንዴ?»

እናቷ ሽንኩርቱ ሊያርባት ነው። «አንቺማ ዶሮ ነሽ!» አለች እያማሰለች። «ገና ሳይመሽ አይደል የምትተኚው!»

ትርሲት ክው አለች። እውነት ነው፤ ትናንትም በጊዜ ነው የተኛችው!

ሮጣ መስኮቱ ጋ ሄደችና ክንዷን በብርሃን አየችው። ስስ፣ ትንንሽ ፀጉር አለው። «ወይኔ! ላባ ሊያበቅል ነው!»

ከዚያስ? ከዚያማ እናቷ ሳታውቃት አሥራ ሁለት ቦታ ቆራርጣ ድስት ውስጥ ልትከታት ነው!

ትርሲት ወፍራም ሹራቧን ለበሰች። እጅጌውን እስከ ጣቷ ድረስ ሳበችው። ቤቱ ደግሞ ይሞቃል፤ ላብ በላብ ሆነች።

በምሳ ሰዓት አክስቷ ውድነሽ መጣች። ውድነሽ ሙዚየም ውስጥ ትሠራለች፤ የጥንት እንስሳትን አጥንት በትንሽ ብሩሽ ታጸዳለች። ሽው! ሽው! ሽው!

«ምነው ትርሲትዬ፣ በዚህ ሙቀት ሹራብ?» አለቻት።

ትርሲት አለቀሰች። «ዶሮ እየሆንኩ ነው! እባካችሁ እንዳትበሉኝ!»

እናቷ ሳቋ አመለጣት። ውድነሽ ግን አልሳቀችም። ክንፉን ከወጡ አወጣች፣ ሥጋውን በላች፣ አጥንቱን ሳህን ላይ ደረደረች።

«ከላይ አንድ አጥንት። ከክርኑ በታች ሁለት። ከዚያ ብዙ ትንንሽ» አለች። ቀጥላ የትርሲትን እጅጌ ሰብሰብ አድርጋ ክንዷን ዳበሰች። «አንድ! ሁለት! ብዙ ትንንሽ!»

ትርሲት የእናቷን ክንድ ዳበሰች። አንድ! ሁለት! ብዙ ትንንሽ!

ድመቷን ውሮንም ይዛ የፊት እግሯን ዳበሰች። «ሚያው!» አንድ! ሁለት! ብዙ ትንንሽ!

«እንዴ! አሁንስ ጭራሽ ግራ ገባኝ!» አለች ትርሲት። «ውሮም ዶሮ ናት?»

«አይደለችም» አለች ውድነሽ። «ድሮ፣ ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ሰውም ዶሮም ድመትም ሳይኖሩ፣ እንዲህ ያለ አጥንት ያላቸው እንስሳት ነበሩ። ልጅ ወለዱ። የልጅ ልጅ መጣ። የልጅ ልጅ ልጅ መጣ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ የአንዱ ዘር ክንድ ክንፍ ሆነ። የሌላው የድመት የፊት እግር ሆነ። የሌላው ደግሞ ያንቺ እጅ ሆነ።»

ትርሲት አላመነችም። «አይተሻቸዋል?»

«እነሱን እንኳ ማንም አላያቸውም። የጥንት አጥንት ግን ድንጋይ ሆኖ መሬት ውስጥ ይገኛል። አቧራው ሲራገፍለት ምን ይታያል መሰለሽ?»

«አንድ! ሁለት! ብዙ ትንንሽ!»

«አዎ! የኔ ጎበዝ!»

ትርሲት እንባዋን ጠረገች። «ታዲያ እኔ ነገ ዶሮ እሆናለሁ?»

«በፍጹም! ክንድ ክንፍ እስኪሆን፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ፣ ተቆጥሮ የማያልቅ ዓመት ይፈጃል። አንቺ ሰው ሆነሽ ተወልደሻል፤ ሰው ሆነሽ ታድጊያለሽ።»

ትርሲት ሹራቧን አወለቀች። እፎይ! ክንፉን ግን «አልበላም» አለች። እንቁላሉን በላች።

ማታ እናቷ አልጋ ላይ አቅፋ አስተኛቻት። ትርሲት አሁንም ትንሽ ግራ ገብቷታል።

«እማዬ… ምናልባት ላባ ባበቅልስ? ልጅሽ መሆኔን ታውቂያለሽ?»

እናቷ ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት።

«አውቃለሁ እንጂ! ጠዋት ጠዋት ላባሽን አበጥርልሻለሁ።»