ከአስፋልት የተገፋችው

ይታይሽ ቦይ ውስጥ በግንባሯ ተደፍታ፣ ሞታ ተገኘች። የክትባት ሳጥኗ ተከፍቶ ብልቃጦቹ ጭቃው ላይ ተበትነዋል። ብስክሌቷ ተጣሞ እላይዋ ላይ ወድቋል። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባሉት ቀበሌዎች ሕፃናትን እየዞረች የምትከትብ የጤና ሠራተኛ ነበረች።

“ጥፋቱ የራሷ ነው” አለ የትራፊክ ፖሊሱ ሳጅን ጌቱ። “ብስክሌት አስፋልት ላይ ምን ይሠራል? መንገዱ የመኪና ነው።”

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ምሥራቅ ጎንበስ ብላ መሬቱን አየች። የብስክሌቱ ቀጭን ዱካ አስቀድሞ ጠጠሩ ላይ ወርዷል። የመኪና ጎማ ዱካም ከአስፋልቱ ወርዶ፣ ጠጠሩን አርሶ፣ እስከ ቦዩ አፋፍ ደርሶ ተመልሷል። ፍሬን የተያዘበት ምልክት የለም።

“እሷማ ወርዳለታለች” አለች። “መኪናው ነው ተከትሏት የወረደው።”

አስከሬኑ አጠገብ ቆሞ የተያዘ ሙሉሰው የሚባል የአይሱዙ ሾፌር ጣቢያ ታስሯል።

“ለምን ቆምክ?” አለችው ምሥራቅ።

“ሰው ወድቆ አይቼ እንዴት ልለፍ? ጋቢዬን አለበስኋት።”

“ገጭተህስ ቢሆን?”

“ብገጭማ እሸሽ ነበር፣ እመቤቴ። የገጨ መቼ ቆሞ ያውቃል?”

መኪናው ቀይ ነው። በብስክሌቱ መሪ ላይ ተፍቆ የቀረው ቀለም ግን ነጭ። ምሥራቅ ሰውዬውን አስፈታችው።

ፍንጩን የሰጠቻት የሟች ባልደረባ ሔዋን ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

“ደመላሽ ነው፣ የሚኒባስ ሾፌሩ። ባገኛት ቁጥር ክላክስ እያስጮኸ ወደ ዳር ይገፋታል። ብስክሌትም መብት አለው ብላ ከሰሰችው።”

“ማን ጋ?”

“ሳጅን ጌቱ ጋ።”

ነጩ ሚኒባስ ጋራዥ ውስጥ የቀኝ ጎኑን አዲስ ቀለም ሲቀባ ተያዘ። ጣቢያ ሲቀርብ ደመላሽ ብዙ አልካደም።

“ላስደነግጣት ብዬ ነው።”

“ጠጠሩ ላይ ወርዳልህ ሳለ?”

አቀረቀረ። “መናኸሪያ፣ በሰው ፊት ለሳጅኑ ከሰሰችኝ። የሴት መሳቂያ ሆንኩ። ሳጅኑ ግን ‘መንገዱ ያንተ ነው፤ አልወርድ ካለች አውርዳት’ አለኝ።”

በሩ አጠገብ የቆመው ጌቱ ፊቱ አመድ መሰለ።

“ቀልዴን እኮ ነው! ደግሞ ብስክሌት መብት አለው ብሎ ማን ነገረኝ?”

“እሷ ነግራሃለች” አለች ምሥራቅ። መታወቂያውን ተቀብላ፣ ቃሉን እንዲሰጥ ከደመላሽ ቀጥሎ አስቀመጠችው።

ሲመሻሽ የይታይሽ አባት አቶ መንግስቱ ከደብረ ኤልያስ ወደ ጣቢያው መጡ። ብስክሌቱን በእጃቸው ዳበስ አደረጉት።

“አንድ ነገር ንገሪኝ፣ ልጄ። እውነት ያለቦታዋ ገብታ ነው የሞተች?”

“አይደለም፣ አባቴ። ብስክሌትም በሕግ ተሽከርካሪ ነው። መንገዱ የእሷም ነበር።”

ሽማግሌው እጃቸውን ከብስክሌቱ አነሱ።

“እንግዲያ ልቅሶው ላይ ‘በጥፋቷ ሞተች’ የሚለውን ሁሉ ማን ይመልስልኝ?”

ምሥራቅ ኮፍያዋን አነሳች።

“እኔ እመልሳለሁ” አለችና ደግፋቸው ባልደረቦቿ ለይታይሽ ወደ ተከሉት የልቅሶ ድንኳን ወጣች።