ቀዩ የቀኝ ነው

ወይዘሮ ኣብርሀትን የገጫቸው ውኃ አራግፎ ወደ ኋላ የሚወጣ ቦቴ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ቦሌ፣ በገዛ ግቢያቸው ውስጥ። ኢንስፔክተር ላጲሶ ሲደርስ ሬሳው በነጠላ ተሸፍኖ፣ ሾፌሩ ዱባለ በካቴና ታስሮ ነበር። ጎረቤቱ የሚያወራው ግን ስለ ልጃቸው ስለ ሰምሃል ነው። የእናቷን ራስ አቅፋ አልላቀቅ ብላ አራት ሰው ነው ያስለቀቃት። እንዲህ ያለች ልጅ ይስጠን ተባለ።

«ጥሩምባ አልነፋም» አለች ሰምሃል። «እማዬ ከሦስት ቀን በፊት የጆሮ መሣሪያ ተገጥሞላታል። ይኸው ጆሮዋ ላይ ነው፤ ቢነፋ ትሰማ ነበር።»

ዱባለ ደጋግሞ ነፍቻለሁ ብሎ ማለ። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ግን የድሃ መሐላ ማን ይሰማዋል?

ስምንት ዓመት ከቤት ርቆ የኖረው ወንድሟ ኣክሊሉ ቦቴው ሲገጫቸው ገና በሩ ላይ መድረሱ ነበር። ዞር በይ እያለ ቢጮህም እናቱ ፈገግ እንዳሉ ወደ እሱ መምጣታቸውን እንዳልተዉ እግራቸውን ይዞ እያለቀሰ ተናገረ።

ላጲሶ ነጠላውን ገለጠ። ሟች ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ሁለቱም ጫማዎች ወዲያ ተወርውረዋል። በግራ ጆሯቸው ቀይ፣ በቀኙ ሰማያዊ ምልክት ያለበት መሣሪያ በግማሽ ተሰክቷል። መልሶ ሸፈናቸው።

መሣሪያውን የገጠመችው ረሆቦት ክሊኒኳ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ነው። «ፀጉር የምታህል ቱቦ ጆሯቸው ውስጥ አስገብቼ ታምቡራቸው ጋ የሚደርሰውን ድምፅ ለክቻለሁ» አለችው። «አድርገውት ቢሆን የቦቴ ጥሩምባ አያመልጣቸውም። ቀዩ የቀኝ ነው። እያንዳንዱ በየጆሮው ልክ ስለተሠራ ቢቀያየር አይገባም።»

ወይዘሮ ኣብርሀት መስማት እንደጀመሩ ከእንግዲህ አስተርጓሚ አልፈልግም፣ ልጄን ጥሩልኝ ማለታቸውንም ነገረችው። በስልክ ላገናኝዎት ስትላቸው እምቢ አሉ፤ የልጃቸውን ድምፅ ከአፉ መስማት ነበር የፈለጉት። ስለዚህ እሷው ደውላ ና አለችው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰምሃል አጠገባቸው ተቀምጣለች።

በሠልስቱ ላጲሶ ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበ፤ ዱባለንም አስመጣው።

«ጫማቸውን ያስወለቀ ቦቴ በግማሽ የተሰካ መሣሪያ እንዴት ሳይጥል ቀረ?» አለ። «ሲገጩ ጆሯቸው ላይ አልነበረም። ልጃቸው ሲጮህ የሳቁትም ስላልሰሙ ነው። መሣሪያው ኋላ ተሰካ፤ በጥድፊያ፣ ፊት ለፊት ሆኖ፣ ቀኝና ግራው ተምታቶ። ኣክሊሉ እግራቸውን ይዞ ያለቅስ ነበር። ራሳቸውን ያቀፈ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ወደ ሟች ልጅ ዞረ።

«ስምንት ዓመት የእናትሽ ጆሮ አንቺ ነበርሽ፣ ሰምሃል። ለእሱ ረግማሃለች፣ ለእሳቸው ረስቶሻል አልሽ። ሁለቱ ቢነጋገሩ ውሸትሽ ይወጣል። ልጥረገው ብለሽ መሣሪያውን ተቀበልሻቸው፤ ቦቴው ሲንቀሳቀስም ኣክሊሉ መጣ ለማለት በሩን በጣትሽ አሳየሻቸው።»

ሰምሃል ልቅሶዋን አቆመች። ፖሊሱ እጇን ሲይዛት ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ቢሆንም ድምፅህን ሳትሰማ ሄዳለች» አለችው።

ዱባለ ያን ዕለት ተፈትቶ ልጆቹ ዘንድ ገባ። ኣክሊሉ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላም በሩ ላይ ቆሞ እማዬ ይል ነበር።